ከላሊበላ እስከ አክሱም፦ የአየር መንገድን ርቀትና የበረራን ጊዜ ስለ መለካት

ለገጠር ተማሪ ቤቶች መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

1ኛ፤ የትምህርቱ ምክንያት

በዋግ ኽምራ አገር፥ በጋዝጊብላ ወረዳ፥ ሰማይ በጠራ ጊዜ የአይሮፕላን ድምፅ ይሰማል። እረኛውም ዱላውን ተመርኩዞ ቀና ይላል፤ ሕፃናትም ከተማሪ ቤት ደጅ ወጥተው፦ «ወዴት ይሄዳል? መቼስ ይደርሳል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። መልሱን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው የምድርን ልክ፥ የሰዓትን አቈጣጠርና የሒሳብን ሥራ አንድ ላይ ያውቃል፤ የማያውቅ ሰው ግን በራሱ ወይም በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣ በ7ኛው ክፍል እንናገራለን።

ለምሳሌ የመረጥነው ከላሊበላ አይሮፕላን ማረፊያ እስከ አክሱም አይሮፕላን ማረፊያ ያለውን መንገድ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ቀጥ ያለ መስመር ቢሠመር፥ መስመሩ በላስታ ጀምሮ በዋግ ሰማይ፥ በጋዝጊብላ ወይም በአቅራቢያው አልፎ፥ የተምቤንን ምዕራብ ታክኮ አክሱም ይደርሳልና፥ ነገሩ ለአገሩ ልጆች የቤታቸው ነገር ነው። ሁለተኛ፥ መስመሩ ከደቡብ ወደ ሰሜን ከሞላ ጐደል ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ስሌቱ ለጀማሪ ቀላል ነው።

2ኛ፤ የእግር መንገድና የአየር መንገድ

መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የእግረኛና የበቅሎ መንገድ ነው፤ ይኸውም ገደሉን ይዞራል፥ ወንዙን በመልካ ይሻገራል፥ ተራራውን በጠመዝማዛ ይወጣል። ሁለተኛው የአሞራ መንገድ ነው፤ አሞራ ከዚህ ተራራ ተነሥቶ በዚያ ተራራ ሲያርፍ በመካከሉ ያለው ሸለቆ አያደክመውም። የአይሮፕላን መንገድ እንደ አሞራው መንገድ ነው።

መምህሩ ይህን በቃል ብቻ ከሚናገሩ ይልቅ በሥራ ቢያሳዩ ይሻላል። ሸለቆ በመካከሉ ያለባቸውን ሁለት ኰረብቶች ይምረጡ። በአንዱ ኰረብታ ላይ ከበሮ የያዘ ተማሪ ይቁም፤ በሌላው ላይ መምህሩና የቀሩት ተማሪዎች ይቁሙ። ልጁ እጁን ከፍ አድርጎ ከበሮውን አንድ ጊዜ ይምታ። የእጁ መውረድ በዐይን ወዲያው ይታያል፤ ድምፁ ግን ዘግይቶ ይመጣል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በ1 ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳልና። ስለዚህ ዐይን ካየ በኋላ ጆሮ እስኪሰማ ድረስ 3 ሰከንድ ቢቈጠር፥ በሁለቱ ኰረብቶች መካከል ያለው የአየር ርቀት 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ሰከንዱን በእጅ ሰዓት ወይም በስልክ መቍጠር ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ልጁ ከበሮውን ይዞ በእግሩ ወደ ጓደኞቹ ይምጣ፤ የሚፈጅበትም ጊዜ ይጻፍ። ቍልቍለቱን ወርዶ ዳገቱን እስኪወጣ ድረስ 1 ሰዓት፥ ገደሉም ጥልቅ ቢሆን ከዚያ የበለጠ ይፈጅበታል። እንግዲህ ድምፅ በ3 ሰከንድ ያለፈውን እግር በ1 ሰዓት አለፈው። ተማሪው ይህን ካየ «ቅርብ» እና «ሩቅ» የሚባሉት ቃሎች የሚለኩት በምን እንደሚኬድ እንጂ በዐይን ብቻ እንዳልሆነ ያስተውላል።

3ኛ፤ ስለ ኬክሮስና ስለ ኬንትሮስ

ምድር ክብ ናት። ዙሪያዋም 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሊቃውንት ይህን ዙሪያ በ360 ዲግሪ ከፈሉት። 40,000 ለ360 ቢካፈል 111 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ስለዚህ 1 ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነው እንላለን። 1 ዲግሪም ደግሞ በ60 ደቂቃ ይከፈላል፤ 1 ደቂቃ 1.85 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መርከበኞችና የአይሮፕላን ነጂዎች የባሕር ማይል የሚሉት ልክ ይህ ነው፤ በትክክል 1,852 ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ይህ «ደቂቃ» የማዕዘን ደቂቃ እንጂ የሰዓት ደቂቃ አይደለም። ስሙ አንድ ሲሆን ነገሩ ሁለት ነውና፥ መምህሩ በሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ሁልጊዜ «የማዕዘን ደቂቃ»፥ «የሰዓት ደቂቃ» ብለው ቢለዩ ተማሪው አይሳሳትም።

ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚለካው ልክ ኬክሮስ ይባላል። ከእንግሊዝ አገር ከግሪንዊች ጀምሮ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚለካው ልክ ኬንትሮስ ይባላል። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ሽማግሌዎች «ኬክሮስ» የሚለውን ቃል በሌላ ፍቺ ያውቁታል፤ በባሕረ ሐሳብ አንድ መዓልትና አንድ ሌሊት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፥ ስለዚህ 1 ኬክሮስ 24 የሰዓት ደቂቃ ነው። በዚያ የጊዜ ክፍል፥ በዚህ የምድር ልክ ነውና፥ ሁለቱን እንዳያደባልቁ እናሳስባለን። የባሕረ ሐሳቡን ኬክሮስ ግን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የኬክሮስ ዲግሪ በየትም ቦታ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን በምድር ወገብ 111 ኪሎ ሜትር ሆኖ፥ ወደ ዋልታ በተጠጋ ቍጥር እየጠበበ ይሄዳል፤ መስመሮቹ ሁሉ በዋልታ ላይ ይገናኛሉና። ይህም የጎጆ ክዳን ወራጆች ከታች ተራርቀው በጉልላቱ ላይ እንደሚገናኙ ነው። በእኛ አገር፥ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ባለው ኬክሮስ፥ የኬንትሮስ 1 ዲግሪ 108 ኪሎ ሜትር ያህል፥ 1 የማዕዘን ደቂቃም 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ለትምህርቱ የሚያስፈልጉት ቦታዎች ልካቸው የሚከተለው ነው፤ ተማሪዎች በደብተራቸው ይጻፉት።

የላሊበላ አይሮፕላን ማረፊያ፦ ሰሜን 11 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ፥ ምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ።
የአክሱም አይሮፕላን ማረፊያ፦ ሰሜን 14 ዲግሪ ከ9 ደቂቃ፥ ምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ46 ደቂቃ።
የጎንደር አይሮፕላን ማረፊያ፦ ሰሜን 12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ፥ ምሥራቅ 37 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ።
የአዲስ አበባ ቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ፦ ሰሜን 8 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ፥ ምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ።
የሰቆጣ ከተማ፦ ሰሜን 12 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ፥ ምሥራቅ 39 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ።

4ኛ፤ የርቀቱ ስሌት

ሀ) ከላሊበላ እስከ አክሱም።

በመጀመሪያ ኬክሮሱን ከኬክሮሱ እንቀንስ። 14 ዲግሪ ከ9 ደቂቃ ሲቀነስ 11 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ፥ ቀሪው 2 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ነው፤ ይኸውም 130 የማዕዘን ደቂቃ ነው። 130 በ1.85 ቢባዛ 240 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ይሆናል። ግማሹን ትተን 240 እንበል። ይህ ወደ ሰሜን የሚኬደው ነው።

ቀጥሎ ኬንትሮሱን እንቀንስ። 38 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ሲቀነስ 38 ዲግሪ ከ46 ደቂቃ፥ ቀሪው 13 የማዕዘን ደቂቃ ነው። 13 በ1.8 ቢባዛ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ወደ ምዕራብ የሚኬደው ነው።

አሁን ሦስት ማዕዘን ሠርተን እናስብ። አንዱ ጐን 240፥ ሁለተኛው ጐን 23፥ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ቀጥተኛ ነው። አይሮፕላኑ የሚሄድበት ሦስተኛው፥ ረጅሙ ጐን ነው። የግሪክ ሊቅ የፒታጎራስ ሕግ እንደሚያስተምረን፥ የሁለቱ ጐኖች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ቢደመሩ፥ ረጅሙ ጐን በራሱ ከተባዛው ጋር ይተካከላል።

240 በ240 ሲባዛ 57,600 ነው።
23 በ23 ሲባዛ 529 ነው።
ድምሩ 58,129 ነው።
241 በ241 ሲባዛ 58,081 ነው።

ስለዚህ ከላሊበላ ማረፊያ እስከ አክሱም ማረፊያ 241 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስተውሉ፤ ወደ ምዕራብ 23 ኪሎ ሜትር ማዘንበሉ በመንገዱ ላይ የጨመረው 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ጥቂት ቢያዘነብል ብዙ አይጎዳም ማለት ነው።

መምህሩ በ1 ሚሊዮን ልክ የተሣለ ካርታ ቢያገኙ፥ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ክር ዘርግተው በማስመሪያ ይለኩት፤ 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚያ ካርታ 1 ሳንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር ነውና፥ የሒሳቡ መልስና የክሩ መልስ መስማማታቸውን ተማሪው በዐይኑ ያያል።

ለ) ከላሊበላ እስከ ጎንደር።

በዚህኛው መንገድ ምዕራቡ ከሰሜኑ ይበልጣል። የኬክሮሱ ልዩነት 32 የማዕዘን ደቂቃ ነው፤ በ1.85 ቢባዛ 59 ኪሎ ሜትር ያህል። የኬንትሮሱ ልዩነት 1 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ፥ ይኸውም 93 የማዕዘን ደቂቃ ነው፤ በ1.81 ቢባዛ 168 ኪሎ ሜትር ያህል። 59 በ59 3,481 ነው፤ 168 በ168 28,224 ነው፤ ድምሩ 31,705 ነው። 178 በ178 31,684 ስለ ሆነ፥ ርቀቱ 178 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህን ርቀት የተማረ ልጅ «ጎንደር ከአክሱም ይቀርባል» ቢል እውነት ተናገረ፤ ከላሊበላ ተነሥቶ በአየር ሲለካ ነውና። በእግር ለሚሄድ ግን ተከዜ የተቈረጠበትን ገደል ወርዶ መውጣት አለና፥ ፍርዱ የተለየ ሊሆን ይችላል።

5ኛ፤ የበረራው ጊዜ

ርቀቱ ከታወቀ በኋላ ጊዜውን ለማወቅ ፍጥነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ሕጉ አጭር ነው፤ ርቀቱ ለፍጥነቱ ሲካፈል ጊዜው ይወጣል።

እግረኛ በደልዳላ መንገድ በ1 ሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ጭነት የያዘ መንገደኛ በደጋና በቆላ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ከሄደ ደኅና ሄደ ይባላል። የላሊበላና የአክሱም የአየር ርቀት 241 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለ መጠማዘዙ ግማሹን ብንጨምርበት 360 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ ለ30 ሲካፈል 12 ቀን ነው። ለኅዳር ጽዮን ወደ አክሱም፥ ለልደት ወደ ላሊበላ በእግራቸው የሚሄዱ ምእመናን ስንቃቸውን የሚሰፍሩት እንዲህ ባለ ሒሳብ ነው።

አይሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር መጀመሪያ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መጨረሻ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ አደረገ። በዚያን ጊዜ ይበር የነበረው ዳግላስ የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ነበረ፤ ፍጥነቱንም በ1 ሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ብለን ብንይዝ፥ 241 ለ280 ሲካፈል 52 የሰዓት ደቂቃ ያህል ይሆናል።

አየር መንገዱ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለአገር ውስጥ ጉዞ የሚሠራበት፥ በካናዳ የተሠራው ኪው 400 የተባለው አይሮፕላን በ1 ሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ሊበር ይችላል። እኛ ለአጭር መንገድ በመጠኑ ዝቅ አድርገን 600 እንያዝ። 241 ለ600 ሲካፈል 0.4 ሰዓት፥ ይኸውም 24 የሰዓት ደቂቃ ነው። የባሕረ ሐሳብ ተማሪዎች ሆይ፥ ይህ ልክ 1 ኬክሮስ መሆኑን አስተውሉ፤ እግረኛ በ12 ቀን፥ ይኸውም በ720 ኬክሮስ የሚሄደውን፥ አይሮፕላን በ1 ኬክሮስ ያልፈዋል።

ነገር ግን ይህ 24 ደቂቃ አይሮፕላኑ ከፍ ብሎ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ብቻ ያለው ጊዜ ነው። በእውነተኛው ጉዞ ላይ የሚጨመር አለ፤ ምክንያቶቹም እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፥ አይሮፕላን ሲነሣ ዳገት እንደሚወጣ በቅሎ ፍጥነቱ ያነሰ ነው፤ ሲወርድም ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው።

ሁለተኛ፥ ከነፋስ ጋር ለመጋጠም ሲል በማረፊያው አሰላለፍ መሠረት መዞር አለበት፤ ቀጥ ብሎ አይወርድም።

ሦስተኛ፥ የአገራችን ደጋ ከፍተኛ ነው። ከላሊበላ ከተማ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ አይሮፕላን ከዚህ ሁሉ በላይ መሆን ይገባዋል። ማረፊያው ራሱ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ከፍታ ያለው አየር ስስ ነው፥ የባሕር ዳርቻ አየር 5 እጅ ቢሆን ይህ 4 እጅ ያህል ነው። ስስ አየር ክንፉን በደንብ ስለማይሸከም አይሮፕላኑ በሜዳው ላይ ረዘም አድርጎ መሮጥ አለበት።

አራተኛ፥ ነፋስ አለ። በ1 ሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢመጣ ፍጥነቱ 550 ይሆናል፥ ጊዜውም 26 ደቂቃ ያህል፤ ከኋላ ቢመጣ ፍጥነቱ 650፥ ጊዜውም 22 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ስለዚህ መሄጃና መመለሻ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

ስለ እነዚህ ሁሉ ለአጭር በረራ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጨመር ተገቢ ነው። እንግዲህ ከላሊበላ እስከ አክሱም 35 እስከ 40 ደቂቃ፥ ከላሊበላ እስከ ጎንደር 30 ደቂቃ ያህል ይሆናል ብሎ ማስተማር ይቻላል። መንገዱ በ178 እና በ241 መካከል በ63 ኪሎ ሜትር ሲለያይ፥ ጊዜው ግን ብዙ አልተለያየም፤ መነሣትና ማረፍ ለአጭሩም ለረጅሙም እኩል ናቸውና።

6ኛ፤ ከማረፊያ እስከ ማረፊያ፥ ከቤት እስከ ቤት

አሁን የትምህርቱ ዋና ነገር ደረሰ። አይሮፕላን የሚያሳጥረው ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ያለውን ጊዜ ነው፤ ከቤት እስከ ማረፊያ ያለውን አያሳጥረውም። የላሊበላ ከተማ በ2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፥ ማረፊያው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በታችኛው ሜዳ ላይ ነው። ከጋዝጊብላ፥ ከአስከተማ ወይም ከዙሪያው ቀበሌ የሚነሣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ በእግር ወይም በበቅሎ ወደ መኪና መንገድ፥ ከዚያ በመኪና ወደ ላሊበላ፥ ከዚያም ወደ ማረፊያው መውረድ አለበት። ይህ ሁሉ ተደምሮ 1 ቀን ቢፈጅ፥ «በረራው 40 ደቂቃ ነው» ማለት ለእርሱ ግማሽ እውነት ነው።

ይህን የዋግ ሽማግሌዎች ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመከራ ያውቁታል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኃብ በጸና ጊዜ የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም በእግሩ ተሰደደ። በጥቅምት ወር የኮረም ሥዕል በውጭ አገር ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ የልዩ ልዩ መንግሥታት አይሮፕላኖች እህል ማመላለስ ጀመሩ፤ የእንግሊዝና የጀርመን አየር ኃይሎችም በደጋው አገር ከአየር ላይ እህል እስከ መጣል ደረሱ። እህሉ ከወደብ እስከ ማረፊያ በሰዓታት መጣ፤ ከማረፊያ እስከ ጎጆ ግን ቀናት ፈጀ። ብዙ ሰውም በመካከሉ ሞተ። ስለዚህ የመንገድን ልክ የሚያውቅ ሰው የመጨረሻውን የእግር መንገድ ከሒሳቡ አይረሳም።

በጥንት ጊዜ የላሊበላ ማረፊያ ሜዳው ያልተነጠፈ ስለ ነበረ በክረምት አይሮፕላን አይወርድበትም ነበር። ዛሬም ማረፊያው ቢነጠፍ፥ ደመና ሲወርድ በረራ ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችላል። የአክሱም ማረፊያም በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ተበላሽቶ፥ በረራው ተቋርጦ ኖሮ በ2016 ዓ.ም. ተመልሷል። ደግሞም ከላሊበላ ወደ አክሱም በየቀኑ ቀጥታ በረራ አለ ማለት አይደለም፤ በሌላ ከተማ በኩል ዞሮ መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለና፥ በዚያን ጊዜ የእያንዳንዱ መንገድ ጊዜና በመካከሉ ያለው ቆይታ ይደመራል። ስለዚህ መንገደኛ ሁሉ ከቤቱ ሳይነሣ በረራ መኖሩን፥ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ ይጠይቅ።

7ኛ፤ ቲኬት ስለ ማንበብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጋዝጊብላ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት የዐይን ሞራ ጋርዷቸው፥ አዲስ አበባ የሚኖር ልጃቸው ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዞ የአይሮፕላን ቲኬት ላከላቸው። ወረቀቱንም አምጥተው ለእኔ ሰጡኝ፤ ጸሐፊ ነኝና። የተጻፈው 8:20 ነበረ። እኔም ሳልጠራጠር፦ «እማማ፥ አይሮፕላኑ የሚነሣው በ8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ ከምሳ በኋላ ነውና አይቸኵሉ» አልኋቸው።

ከዋዜማው ላሊበላ ገብተው ከዘመድ ቤት አደሩ። በማግስቱ በ6 ሰዓት ወደ ማረፊያው ወረዱ። አይሮፕላኑ ግን ከጧቱ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሄዷል። ቀጠሮው አለፈ፤ ሌላ ተራ እስኪደርሳቸውም 2 ወር ጠበቁ። በዚያ 2 ወር ውስጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በልጅ እጅ እየተመሩ ነበረ። ይቅርታ ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ አልተቈጡኝም፤ ነገር ግን፦ «ልጄ፥ ፀሐይዋ አንዲት ናት፤ ሰዓቷን ማን ሁለት አደረገው?» አሉኝ።

መልሱ ይህ ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት እንቈጥራለን፤ በአይሮፕላን ቲኬት ላይ የሚጻፈው ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ይቈጠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው። ፀሐይዋ አንዲት ስትሆን መጀመሪያው ሁለት ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ሕግ ተማሪዎች በቃላቸው ይያዙት።

በቲኬት የተጻፈው ከ6 እስከ 18 ከሆነ 6 ቀንስ። 8:20 ከጧቱ 2:20 ነው፤ 13:40 ከቀኑ 7:40 ነው። 6 ሲቀነስ 0 ቢቀር 12 በል፤ 6:40 ከጧቱ 12:40 ነው።
ከ6 ያነሰ ከሆነ 6 ጨምር። 5:30 ከሌሊቱ 11:30 ነው።
ከ19 ጀምሮ ከሆነ 18 ቀንስ። 19:30 ከምሽቱ 1:30 ነው።

ቀኑም እንደዚሁ ነው። በቲኬት የሚጻፈው የፈረንጅ ቀን ነው። «ጃንዋሪ 19 ቀን 2025» ተብሎ የተጻፈው በእኛ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት ዕለት ነው። ይህን «ጥር 19» ብሎ ያነበበ ሰው 8 ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። ዓመቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ በላይ ድረስ በ7፥ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን በ8 ይለያያል።

ቲኬቱ ከተነበበ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ መቍጠር ይገባል። የመነሻው ሰዓት ከጧቱ 2:20 ቢሆን፥ መንገደኛው ለምዝገባና ለፍተሻ 2 ሰዓት አስቀድሞ፥ በ12:20 ከማረፊያው ይገኝ። ከከተማው እስከ ማረፊያው 1 ሰዓት ቢያዝለት፥ ከሌሊቱ 11:20 ከማደሪያው ይነሣ። ከጋዝጊብላ ደግሞ በዋዜማው ማለዳ ይውጣ። እንዲህ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚቈጥር ሰው አይዘገይም።

8ኛ፤ ለተማሪዎች ጥያቄ

1) ከላሊበላ ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ ማረፊያ በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?
መልስ፦ የኬክሮሱ ልዩነት 3 ዲግሪ ነው፤ 3 በ111 ሲባዛ 333 ኪሎ ሜትር። የኬንትሮሱ ልዩነት 11 የማዕዘን ደቂቃ፥ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ርቀቱን ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ አይለውጠውም።

2) በ1 ሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሮፕላን ይህን በስንት ጊዜ ይሄደዋል?
መልስ፦ 33 የሰዓት ደቂቃ ያህል፤ ለመነሣትና ለማረፍ 15 ደቂቃ ቢጨመር 48 ደቂቃ።

3) ከሰቆጣ እስከ ላሊበላ ማረፊያ በአየር ስንት ነው?
መልስ፦ የኬክሮሱ ልዩነት 39 የማዕዘን ደቂቃ ነው፤ በ1.85 ሲባዛ 72 ኪሎ ሜትር ያህል።

4) በቲኬት 14:05 የተጻፈለት መንገደኛ በእኛ ሰዓት መቼ ይነሣል? ከስንት ሰዓት ጀምሮስ ከማረፊያው ይገኝ?
መልስ፦ ከቀኑ 8:05 ይነሣል፤ ከቀኑ 6:05 ከማረፊያው ይገኝ።

5) ከቤትህ እስከ ላሊበላ ማረፊያ በእግርና በመኪና የሚፈጀውን ጊዜ ከወላጆችህ ጠይቀህ ጻፍ፤ ከበረራው ጊዜ ጋርም አስተያይ።
የዚህ መልስ እንደየቀበሌው ይለያያል። መምህሩ የሁሉንም መልስ በአንድ ሠንጠረዥ ጽፈው በተማሪ ቤቱ ግድግዳ ቢሰቅሉት፥ በሽተኛ ለሚያጓጉዝና ልጅ ለሚልክ ለሕዝቡ ሁሉ ይጠቅማል።

9ኛ፤ ለመምህራንና ለሽማግሌዎች ማሳሰቢያ

የኽምጣና ቋንቋ በሚነገርባቸው ቀበሌዎች መምህሩ የሰዓቱን ሕግ በአማርኛም በኽምጣናም ቢያስረዱ መልካም ነው፤ ወረቀቱን የሚያነብ ልጅ ለእናቱና ለአባቱ በሚገባቸው ቋንቋ መንገር አለበትና። ማንበብ የሚችሉ ሽማግሌዎችም በቀበሌያቸው ቲኬት ወይም የሐኪም ቀጠሮ የያዘ ሰው ሲመጣባቸው፥ ቍጥሩን ብቻ አንብበው አይስጡ፤ «ጧት ነው፥ ማታ ነው? የማን ቀን ነው?» ብለው ይመርምሩ፥ የተጠራጠሩ እንደ ሆነም ቲኬቱን ለላከው ሰው በስልክ ያስጠይቁ። ፊደል የሚያውቅ ሰው ፊደል ለማያውቀው ዐይን ነው፤ ዐይን ደግሞ ቢሳሳት የሚሰናከለው እግር ነው።

እማማ በሁለተኛው ተራቸው በሰዓቱ ደርሰው፥ ታክመው ተመልሰዋል። ከተመለሱ በኋላ አንድ ቀን አይሮፕላን ሲያልፍ ሰምተው ቀና አሉና፦ «ይህኛውስ በስንት ሰዓት ተነሥቶ ይሆን?» አሉኝ። እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት፦ «በማን ሰዓት፥ እማማ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ተማሪዎቻችንም ሁሉ ይህን ጥያቄ አስቀድመው እንዲጠይቁ ማስተማር ይገባናል።